እዚያው ቅሪ!

«ፕሮሰሱ ከምን ደረሰ?» የማይለን ዘመድ የለም። ፕሮሰሱማ ብር እየበላ ነው! የአሜሪካ የተማሪ ቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር፣ ሴቪስ የሚሉት 350 ዶላር፤ ቪዛው ቢከለከልም ገንዘቡ አይመለስም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሂሳቡን እናንተው ምቱት (ቶፍሉን ገና አልቆጠርንም)።

መስኮቱ ጋ ስንቀርብ የአገሪቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አንቀጽ 214 ቢ ገና ከጅምሩ ሊቀሩ የመጡ ናቸው ብሎ ይጠረጥረናል። ተምረን እንደምንመለስ ማሳመን የእኛ ዕዳ ነው። እንምላለን። ቤት ስንገባ ምክሩ ሌላ ነው፦ «እዚያው ቅሪ፣ ምን አለ ብለሽ ትመለሻለሽ?»

ወላጆቻችን ሆይ፣ ውሸቱን ያስጠናችሁን እናንተ ናችሁ! ከመሃላችን የምር መማር ብቻ የፈለገ አለ፤ ተመልሶ እዚሁ ሊሠራ ያሰበም አለ። እሱን «ሞኝ» አትበሉት። «ምን ልትማር ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። «መቼ ትወስደናለህ?» ኋላ ይደርሳል።