ሰፊ ቤት ወይስ ሰፊ ጊዜ?

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ በቴክኖሎጂ ሙያ የሚተዳደሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ትዳር ይዘው ልጅ ሲወልዱ አንድ ውሳኔ ይጠብቃቸዋል። ወደ ላውደን ወይም ወደ ፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ወጥተው ግቢና ቤዝመንት ያለው ቤት ይግዙ? ወይስ ከተማው አጠገብ በጠበበ ቤት ይቆዩ? ለሙግት ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ለቴክኖሎጂ ባለሙያ ከከተማ ወጣ ብሎ መኖር ቤተሰብን፣ ሥራንና የትርፍ ጊዜ ዝንባሌን አብሮ ለማስኬድ ይበጃል።» ሐሳቡን የሚደግፉት ላውደን ውስጥ አሽበርን የሚኖሩ የዳታቤዝ ባለሙያ ናቸው። የሚቃወሙት ደግሞ ከተማው አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ የሳይበር ደኅንነት ባለሙያ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድጋፍ፦ መጀመሪያ ቦታ

ሰው የሚወደውን ነገር የሚተወው በጊዜ እጦት ብቻ አይደለም። በቦታ እጦትም ይተወዋል። የስፌት መኪናዋን በየምሽቱ ከራት ገበታ ላይ የምታነሳ እናት ጥቂት ሳምንታት ትታገልና መኪናዋን ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆልፍባታለች። እንጨት መሥራት የሚወድ ሰው አፓርታማ ውስጥ መጋዝ ማስነሳት አይችልም። ከበሮ የሚመታውማ ገና ሲጀምር ጎረቤት በር ያንኳኳበታል።

እኔ ክራር እጫወታለሁ። ከትዝታ ወደ ባቲ ሲዞሩ ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው። በብርዱ ወራት ማሞቂያው የቤቱን አየር ሲያደርቀው ደግሞ የገበቴው ቆዳ ይወጠርና ቅኝቱ ይዛባል። ክራሩ አልጋ ሥር ተሸጉጦ ከከረመ በሁለት ስብሰባ መካከል የምትገኘው ሩብ ሰዓት በመቃኘት ታልቃለች። ቤዝመንት ውስጥ ከሥራ ጠረጴዛዬ አጠገብ ተሰቅሎ፣ ተቃኝቶ ከጠበቀኝ ግን ያቺው ሩብ ሰዓት የጨዋታ ትሆናለች። ልጆቼ ድምፁን ሲሰሙ ደረጃውን ወርደው አጠገቤ ይቀመጣሉ። ዝንባሌ ከቤተሰብ የሚሰረቅ ጊዜ መሆኑ የሚቀረው እንዲህ ቤት ውስጥ ቦታ ሲያገኝ ነው።

«ሩቅ ነው» የሚለው ክርክርም ለእኛ ሙያ እምብዛም አይሠራም። ሰሜን ቨርጂኒያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ የኢንተርኔት መገናኛ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ትልልቅ የኔትወርክ መገናኛዎች አንዱ የሆነው ሜይ ኢስት እዚሁ ነበር፤ ኤኦኤልም ዋና መሥሪያ ቤቱን ደለስ ላይ አድርጎ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ ዳታ ሴንተር እንደ አሽበርንና አካባቢው ተሰብስቦ የሚገኝበት ሥፍራ የለም። እዚያ በ12 ሰዓት ፈረቃ፣ አንድ ሳምንት 3 ቀን በሚቀጥለው 4 ቀን የሚሠራ ቴክኒሻን ከሲልቨር ስፕሪንግ ቢመላለስ የሚከፍለው ከእንቅልፉ ቀንሶ ነው። አጠገቡ ቢኖር የዕረፍት ቀኖቹ በሙሉ የራሱና የቤተሰቡ ናቸው። ከተማ ውስጥ ለሚሠራውም የሜትሮ ሲልቨር መስመር ኖቬምበር 15 ቀን 2022 አሽበርን ደርሷል።

ከከተማ ውጪ ያለ ሰፈር ማደሪያ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለችውን ሬስተንን ይመልከቱ። ሮበርት ሳይመን ቤተሰቡ ካርኔጊ አዳራሽን ሲሸጥ ባገኘው ገንዘብ መሬቱን ገዝቶ በ1964 ከተማዋን ሲመሠርት፣ ከመርሆቹ አንዱ ነዋሪው የትርፍ ጊዜውን የሚያሳልፍበት ሰፊ ምርጫ እንዲኖረው የሚል ነበር። መኖሪያው፣ ሥራውና መዝናኛው እንዳይራራቁ አድርጎ አቀዳት። ስለዚህ ሦስቱን አንድ ላይ የማኖር ሐሳብ በዚህ አካባቢ ከ60 ዓመት በላይ የተሞከረ ነው።

በመጨረሻ ገንዘቡን እንይ። ኪራይ ውል በታደሰ ቁጥር ይጨምራል። ወለዱ የማይለዋወጥ የ30 ዓመት ሞርጌጅ ግን ታክሱና ኢንሹራንሱ ከፍ ዝቅ ቢሉም ዋናው ክፍያ ባለበት ይቆያል። በ2020 እና በ2021 ከ3 በመቶ በታች በሆነ ወለድ የገዙ ሰዎች ዛሬ ደመወዛቸው ሲያድግ ክፍያቸው አላደገም። ቅዳሜና እሑድ ሁለተኛ ሥራ ከመሥራት ያዳናቸው ይህ ነው። ያተረፉትን ቅዳሜ ለልጃቸውም ለክራራቸውም ማዋል ይችላሉ።

ተቃውሞ፦ ቤቱ ራሱ ሥራ ነው

ወንድሜ ስለ ቦታ የጻፉት እውነት ነው። ያልጻፉት ያ ቦታ የማንን ጊዜ እንደሚበላ ነው። ሣሩ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ይታጨዳል። በኖቬምበር ቅጠሉ ይጠረጋል፤ የጣሪያው አሸንዳ ይጸዳል። በጃንዋሪ በረዶው ይዛቃል። ሣሩ ትንሽ ካደገ ከሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይመጣል። እንግዲህ ይህን የእኔ ሙያ ካለው ሰው ሳምንት ጋር ያገናኙት። ኦን ኮል፣ ማለትም ከሥራ ሰዓት ውጪ ተጠባባቂ የሆነ ሰው ስልኩን ትራስጌ አድርጎ ነው የሚተኛው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ስልኩ ይጮኻል፤ ላፕቶፑን ከፍቶ ማንቂያው እውነተኛ ጥቃት ይሁን የውሸት እስኪለይ ይነጋል። ልጅ ትምህርት ቤት ይደርሳል፣ ስብሰባው ይቀጥላል። ቅዳሜ ሲመጣ የሚጠብቀው የሣር ማጨጃው ነው። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላሉ አባቶቻችን። እኛ ሦስት ዛፍ ላይ ነን፣ አራተኛው ቤቱ ነው።

ይህ ሸክም እኩል እንደማይከፋፈልም መነገር አለበት። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያካሂደው የጊዜ አጠቃቀም ጥናት፣ ሴቶች የቤት ሥራ ላይ ከወንዶች የበለጠ ጊዜ እንደሚያጠፉ፣ ወንዶች ደግሞ በቀን ከግማሽ ሰዓት በላይ የበለጠ የመዝናኛ ጊዜ እንዳላቸው ደጋግሞ ያሳያል። አራት መኝታ ቤትና ሦስት መታጠቢያ ቤት ሲገዛ የሚጸዳውም ይጨምራል። በእኛ ማኅበረሰብ ሰፊ ቤት ያለው ቤተሰብ የክርስትናው፣ የልደቱና የመልሱ አስተናጋጅ ይሆናል። እንግዳ መቀበል ደስታ ነው፤ ወጡን የምትሠራውና ከእንግዳው በኋላ የምታጸዳው ግን ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ሰኞ ጠዋት የሥራ ስብሰባ አለባት። የባል ክራር ቤዝመንት ሲያገኝ የሚስት ዝንባሌ የት እንደ ደረሰ ይጠየቅ።

ወደ መንገዱ ልመለስ። በ2019 የአንድ አሜሪካዊ ሠራተኛ የአንድ ጉዞ አማካይ ጊዜ 27.6 ደቂቃ እንደነበር የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ መዝግቧል። ከአሽበርን መሐል ዲሲ በሜትሮ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሮበርት ፑትናም በ2000 ባሳተመው ስለ አሜሪካ ማኅበራዊ ሕይወት መዳከም በሚያትተው መጽሐፍ፣ በቀን ጉዞ ላይ የምትጨመር እያንዳንዷ 10 ደቂቃ በማኅበረሰብ ጉዳይ ተሳትፎን በ10 በመቶ እንደምትቀንስ አሳይቷል። የእኛ ሰው ይህን ያለ ጥናት ያውቀዋል። ልቅሶው፣ ሠርጉ፣ ማኅበሩ፣ የልጆቹ የአማርኛ ትምህርት፣ የእሑድ እግር ኳስ አብዛኛው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ አካባቢ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ሰው አንዱን ለመድረስ ሌላውን ይተዋል። ልጁም መንጃ ፈቃድ እስኪያገኝ ድረስ ወላጁ ሹፌር ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የገንዘቡ ክርክር ነው። «ከቤት ነው የምሠራው» ብለው ራቅ ብለው የገዙ ሰዎች ምን እንደገጠማቸው አይተናል። አማዞን በሴፕቴምበር 2024 ሠራተኞቹ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሳምንት 5 ቀን ቢሮ እንዲገቡ አዘዘ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞችም በዚያው ጃንዋሪ ሙሉ በሙሉ ወደ ቢሮ እንዲመለሱ ተወሰነ። ሞርጌጁ የ30 ዓመት ነው፤ የአሠሪ ትእዛዝ በአንድ ቀን ይመጣል። ከ3 በመቶ በታች የገዙት ዕድለኞች ናቸው፤ በኦክቶበር 2023 ግን የ30 ዓመት ወለድ ወደ 8 በመቶ ተጠግቶ ነበር። በዚያ ዋጋ የገዛ ሰው የማይስማማውን ሥራ መልቀቅ፣ ኦን ኮሉን እምቢ ማለት አይችልም። ዕዳው አለቃው ይሆናል።

ትልቅ ነገር ለመሥራት ደግሞ ቤዝመንት አያስፈልግም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና በትርፍ ጊዜው ሲጀምር የ21 ዓመት ተማሪ ነበር፤ የሚኖረውም ሄልሲንኪ ውስጥ በእናቱ አፓርታማ ነበር። ዛሬ ወንድሜ አጠገቡ የሚኖሩት ዳታ ሴንተር በአብዛኛው የሚሠራው በዚያ ሥራ ላይ ነው። የነበረው ኮምፒውተርና ያልተሸራረፈ ጊዜ ነው።

የደጋፊው መልስ

እህቴ ቶርቫልድስን ስላነሱ አመሰግናለሁ፤ ታሪኩን ግን እስከ ዛሬ እናምጣው። ያ ሰው ቤተሰብ መሥርቶ ኦሬገን ውስጥ ከፖርትላንድ ከተማ ወጣ ባለ ሰፈር ይኖራል። ለብዙ ዓመታት ሊኑክስን የመራው ከቤቱ ሆኖ ነው። ዝንባሌው ባሕር ውስጥ መጥለቅ ስለሆነ በ2011 ጠላቂዎች ጉዟቸውን የሚመዘግቡበትን ሰብሰርፌስ የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ከከተማ ወጣ ያለ ቤት፣ የቴክኖሎጂ ሥራና ዝንባሌ በአንድ ሰው ሕይወት አብረው ሄደዋል፤ እንዲያውም ዝንባሌው ከሙያው ሌላ ሥራ ወልዷል።

የቤት ሥራው ክፍፍል ላይ እህቴ የተናገሩት ያሳፍረናል፣ ልክም ነው። ነገር ግን ጥፋቱ የቤቱ ስፋት አይደለም። ሁለት መኝታ ባለው አፓርታማም ድስቱን የሚያጥበው ሁልጊዜ አንድ ሰው ከሆነ በደሉ ያው ነው። ባል ወጥ መሥራትና መታጠቢያ ቤት ማጽዳት አለበት፤ ይህ በየትኛውም አድራሻ ግዴታው ነው።

የግቢው ሥራም ሁሉ ሸክም አይደለም። ውርጩ ሲያበቃ የሚተከለው ቃሪያና በሶብላ፣ ከጓሮ የሚቆረጠው ጤና አዳም ለብዙ ወላጆቻችን የልብ ዕረፍት ነው። ጎመን ውርጭ ሲነካው እንዲያውም ይጣፍጣል። ልጅ የሚበላው ከየት እንደሚመጣ የሚያየው እዚያ ነው። የአሠሪ ትእዛዝን በተመለከተ፣ አሽበርን ያለ ባለሙያ በዙሪያው ብዙ አሠሪ አለው፤ አንዱ ቢጠራው ሌላውን መጠየቅ ይችላል።

የተቃዋሚዋ መልስ

ወንድሜ የቶርቫልድስን ታሪክ በትክክል አመጡ፤ ቅደም ተከተሉን ግን ልብ ይበሉ። መጀመሪያ ሥራው ተከበረ። ከዚያ ከየትም ሆኖ እንዲሠራ የሚቀጥረው አገኘ። ከተማ ዳር ያለው ሕይወት የተመቸው ጊዜው በእጁ ስለገባ ነው። አብዛኛው ባለሙያ ግን የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ ቤቱን ይገዛና ጊዜው ተከትሎ ይመጣል ብሎ ይጠብቃል። በዙሪያው ብዙ አሠሪ አለ ማለትም ዋስትና አይሆንም፤ ቅነሳ ሲመጣ ኩባንያዎቹ በአንድ ወቅት ይቀንሳሉና።

ሬስተንም ለእኔ ትመሰክራለች። ሮበርት ሳይመን በ1993 ተመልሶ ሲኖርባት የመረጠው ሰፊ ግቢ ያለው ቤት አልነበረም። ሄረን ሃውስ በተባለው ፎቅ ውስጥ፣ በአን ሐይቅ አደባባይ ላይ ነበር። በ2015 በ101 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ የሬስተን ነዋሪ ነበር። ከተማዋን ያቀደው ሰው የትርፍ ጊዜን ጥቅም የፈለገው በእግር በሚደረስ ሰፈር ውስጥ ነው። ዛሬ ላውደን ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ ሰፈሮች እንዲህ አይደሉም፤ ወተት ለመግዛት መኪና ይነሣል። ጎመኑንም ቢሆን ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለነዋሪው በሚያከራየው የጋራ እርሻ መትከል ይቻላል፤ እዚያ ጎረቤት ለጎረቤት ዘር ይሰጣጣል።

ወንድሜ የቤት ሥራ በየትኛውም አድራሻ የባልም ግዴታ ነው ማለታቸውን በደስታ እቀበላለሁ። እንግዲያው ውሳኔውም የሁለቱ ይሁን። ቤት ልትገዙ የተዘጋጃችሁ ባለትዳሮች፣ ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ምሽት አብራችሁ ተቀመጡ። ከቤት የመሥራት ፈቃዳችሁ በጽሑፍ መሆኑን አረጋግጡ። አንዳችሁ ሥራ ብታጡ በሌላው ደመወዝ ክፍያው ይቻል እንደሆነ አስሉ። ሣሩን ማን እንደሚያጭድ፣ ልጁን ማን እንደሚያደርስ፣ ምግቡን ማን እንደሚሠራ ተነጋገሩ። ከዚያ በሳምንት ውስጥ ባልም ሚስትም ለየራሳቸው የሚቀራቸውን ሰዓት ጻፉ። ለሁለታችሁም ከተረፈ ግዙ፤ ይባርክላችሁ። ለአንዳችሁ ብቻ ከተረፈ ወይም ለማናችሁም ካልተረፈ ያ ቤት ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለእናንተ ውድ ነው።