ለልጁ ድሮን ከመግዛታችሁ በፊት

አሜሪካ ያሉ ቤተሰቦች ለልጅ ልደት ድሮን መግዛት ለምደዋል። ልጅ ልትጠይቁ የምትሄዱ አያቶችም ትገዙ ይሆናል። መልካም ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ባዶ የሚመስለን ሰማይ እንደ ከተማ መንገድ የተከፋፈለና ሕግ ያለው ነው።

አብራሪዎች ክፍሎቹን በፊደል ይጠሯቸዋል። «ኤ» ከ18,000 ጫማ (5,500 ሜትር ገደማ) ጀምሮ ያለው ነው፤ ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች እዚያ የሚበሩት በመሣሪያ እየተመሩና ተቆጣጣሪ እየፈቀደላቸው ነው። «ቢ» እጅግ የተጨናነቁትን ኤርፖርቶች ይከብባል፤ ተቆጣጣሪው «ግባ» ካላለ አይገባም። ወደ «ሲ» እና «ዲ» ለመግባት አስቀድሞ ከተቆጣጣሪው ጋር በሬዲዮ መነጋገር ግድ ነው። «ኢ» የቀረው ቁጥጥር ያለበት ሰማይ ነው። «ኤፍ» አሜሪካ ውስጥ የለም። «ጂ» ተቆጣጣሪ የሌለበት፣ ለመሬት የቀረበው ነው።

የልጆች ድሮን ቦታው «ጂ» ነው፤ ያውም ከ400 ጫማ (120 ሜትር ገደማ) ሳያልፍ። ኤርፖርት ዙሪያ ባሉት ክፍሎች አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቃል። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ከሬገን ኤርፖርት በ15 ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ጓሮዎችም በዚህ ውስጥ ናቸው።

«ጂ» ተቆጣጣሪ የለውም ማለት ሰው አይበርበትም ማለት አይደለም። ሕመምተኛ የሚያመላልስ ሄሊኮፕተር አደጋ ቦታ ወይም ሆስፒታል ሲያርፍ በዚሁ ዝቅተኛ ሰማይ ያልፋል። ድሮን ካየ ሳያርፍ ሊመለስ ይችላል። ደም እየፈሰሰው ላለ ሰው አምስት ደቂቃ ምን ማለት እንደሆነ ድንገተኛ ክፍል የሠራን ሁሉ እናውቃለን።

ስለዚህ ድሮኑ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ በአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ አስመዝግቡ፤ ክፍያው 5 ዶላር ነው። ልጁ 13 ዓመት ካልሞላው የሚያስመዘግበው 13 ዓመት የሞላው ሌላ ሰው ነው። በኢንተርኔት የሚሰጠውን ነፃ የደኅንነት ፈተናም አብራችሁት ተቀመጡና ይውሰድ። ድሮኑ ከዓይኑ እንዳይርቅ ንገሩት። ወደ አገር ቤት በሻንጣ ይዞ መምጣት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፈቃድ ከሌለው ጉምሩክ ይይዘዋል።

ከሁሉ በፊት የሄሊኮፕተር ድምፅ ሲሰማ ወዲያው እንዲያሳርፍ አስተምሩት። ይህችን ከያዘ ፊደሎቹን ቀስ ብሎ ይደርስባቸዋል።

ሰላም ሰንብቱ።