«በሕግ አምላክ!» ሲባል ማን ይቆማል?

ባለፈው በጋ አንድ አጎቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከመንዝ አዲስ አበባ መጥተው እኔ ዘንድ ሰነበቱ። ማታ ማታ ቡና እየጠጣን ስለ አገር ቤት ስንጫወት፣ በጨዋታው መሀል እንደ ቀላል ነገር «ሦስት በግ ሰረቁኝ» አሉኝ። የመንዝን ሰው የሚያውቅ ሁሉ በግ ለእሱ ምን እንደሆነ ያውቃል። ገብሱን ውርጭ ሲመታው ቤተሰቡ የሚተርፈው በበጉ ነው። የልጅ ደብተር፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የክርስትና ድግስ ሁሉ የሚሸፈነው በግ ተሸጦ ነው፤ ጸጉሩም ተፈትሎ ባና ይሆናል። ሦስት በግ መሰረቅ ለእኛ ለከተሜዎቹ የባንክ ሒሳባችን ባዶ ሆኖ እንደማግኘት ነው።

«ታዲያ ለፖሊስ አላመለከቱም ጋሼ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «አንተ ልጅ፣ ለሦስት በግ ብዬ አራተኛውን ልሽጥ?» አሉኝ። ከዚያም ሒሳቡን አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። ወረዳው ከተማ ለመድረስ ግማሽ ቀን በእግር። መርማሪው ከሌለ እዚያው ማደር። «ምስክር ይዘህ ና» ሲባል ጎረቤትን ከእርሻው ነቅሎ፣ ምሳ እያበሉ ይዞ መሄድ። ቀጥሎ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮው በኋላም ሌላ ቀጠሮ። ይህ ሁሉ ሆኖ ደግሞ ሌባው ለመያዙ ዋስ የሚሆን የለም።

ስለዚህ ወደ ሽማግሌ ሄዱ። ሽማግሌዎቹ በሳምንት ውስጥ ነገሩን አወጡት። ሰራቂው የሚታወቅ የአገር ልጅ ነው። «ያልታረዱትን ሁለቱን መልስ፣ ለሦስተኛው ካስ» አሉት። እሱ ግን «ምን ታመጣላችሁ?» አላቸው። መሣሪያ የያዙ ጓደኞች አሉት። ሽማግሌዎቹ ዝም አሉ፤ አጎቴም ዝም አሉ።

«ድሮ ‘በሕግ አምላክ!’ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር። አሁን ማን ይቁም?» አሉና ስኒያቸውን አስቀመጡ።

እኔም ያን ማታ መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ምክንያቱም ጥያቄያቸው የሦስት በግ ጥያቄ አይደለም። ከጊሼ እስከ መርሐቤቴ፣ ከሰሜን ሸዋም አልፎ በመላው አማራ ክልል፣ አንድ ገበሬ ዛሬ በሦስት ሕጎች መሀል ቆሟል። አንደኛው የመንግሥት ሕግ ነው፤ ሩቅና ውድ ነው። ሁለተኛው የሽማግሌ ሕግ ነው፤ ቅርብና ርካሽ ቢሆንም ጉልበት አጥሮታል። ሦስተኛው የጠመንጃ ሕግ ነው፤ ቅርብም ጉልበተኛም ነው፣ ነገር ግን ፍትሕ አያውቅም። ሁለቱ ሲደክሙ ሦስተኛው ይነግሣል።

እዚህ እንዴት ደረስን? በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሰሜን ሸዋ ድረስ ዘልቆ ገባ። እሱ በረደ ስንል በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ የማደራጀት ውሳኔን ተከትሎ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ለተጨማሪ አራት ወራት ተራዘመ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያ ወቅት ባወጣቸው ሪፖርቶች የዘፈቀደና የጅምላ እስር መኖሩን፣ ሰዎች መደበኛ ባልሆኑ ማቆያዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ መያዛቸውን ገልጿል።

እንዲህ ባለ ጊዜ በፖሊስ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሞተው፣ የቆሰለውና የተቃጠለው ጣቢያ ብቻ አይደለም። ትልቁ ጉዳት ሥራው መቀየሩ ነው። በግ ሲሰረቅ የሚፈለገው ፖሊስ የጦርነቱ አንድ ወገን ተደርጎ መታየት ይጀምራል። ገበሬው ወደ ጣቢያ ሲሄድ «ምን ሊናገር ሄደ?» የሚል ዓይን ከኋላው ይከተለዋል። ጣቢያው ሲደርስ ደግሞ «ማንን አየህ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቀዋል። በጉን ፍለጋ ሄዶ ራሱን ከሚያጣ ዝም ቢል ይመርጣል።

ስለ ፖሊስና ስለ ሕግ መከበር በሌላው ዓለም ብዙ ተጠንቷል። ቶም ታይለር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ በቺካጎ ከተማ 1,575 ሰዎችን አነጋግሮ «ሰዎች ሕግን ለምን ያከብራሉ?» የሚል መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትሟል። መልሱ አጭር ነው፤ ሰው ሕግን የሚያከብረው ቅጣት ፈርቶ ብቻ ሳይሆን ሕግ አስከባሪው ተገቢ ሥልጣን እንዳለውና በእኩል ዓይን እንደሚያየው ሲያምን ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው? አያቶቻችን ሲካሰሱ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቆራኝተው፣ ፖሊስ ሳይነዳቸው፣ ሁለቱ ብቻ ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። ያ ቋጠሮ በጥርስ የሚፈታ ነው። የማይፈቱት ፈቶ የሚሄድ ሰው በአገር ፊት ሰው ስለማይሆን ነበር።

ሌላው የወንጀል ጥናት ደጋግሞ ያረጋገጠው ነገር ወንጀልን የሚገታው የቅጣቱ ክብደት ሳይሆን የመያዙ አይቀሬነት መሆኑ ነው። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 665 ስርቆትን እንደ ነገሩ ሁኔታ በቀላል እስራት ወይም እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ወረቀቱ ላይ ከባድ ነው። ነገር ግን የበጉ ባለቤት ጣቢያ ድረስ መሄድ ካልቻለ አምስቱ ዓመት ወደ ሃምሳ ከፍ ቢል ለሌባው ምኑ ነው?

መፍትሔ ፍለጋ ቺካጎ ድረስ መሄድ ግን አያስፈልግም። እዚያው መንዝ ውስጥ ጓሳ አለ። ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተዘረጋ፣ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሣር ምድር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ለቤት ክዳንና ለገሳ የሚሆነው ሣር የሚበቅልበት ነው። ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንሥቶ የጠበቀው ፖሊስ አይደለም። «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት ነው (በቅርብ ዓመታት ከምናውቀው የወጣቶች ስም ጋር አይምታታብን)። ባለርስቶቹ፣ የአስቦና የገራ ዘሮች፣ አባ ቄራ የሚባል አለቃ ከመሀላቸው ይመርጣሉ። ሣሩ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነሣበትም። ጠባቂው ራሱ ተጠቃሚው ነው። ጥሶ የገባ ይቀጣል፤ ቅጣቱንም አስቀድሞ ያውቀዋል። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ይከፈትና ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስት ሲቀር ቄሮም አብሮ ፈረሰ። አዋጁ ለጭሰኛው ትልቅ ነፃነት ነው፤ ያን የሚክድ የለም። ለጓሳ ግን የሁሉም የሆነው የማንም ሆነ። ሕዝቡ ከዚያ በኋላ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን እንደገና አቋቋመ፤ ርስት የሌለውንም ጭምር አካቶ። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ በዓለም ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ። የጋራ ሀብትን ሕዝብ ራሱ ሊያስተዳድር እንደሚችል አሳይታ እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም፣ ቀደም ብላ ያጠናችው ፖሊስን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 በኢንዲያናፖሊስ የትንንሽ ከተሞችን ፖሊሶች ከትልቁ ከተማ ፖሊስ ጋር አወዳደረች። በአካባቢው ያለው፣ ሰዉን የሚያውቀውና ለሰዉ የሚጠየቀው ትንሹ ፖሊስ የተሻለ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። በኋላ ባደረገቻቸው ሰፋፊ ጥናቶች ደግሞ እንደ ላቦራቶሪ ምርመራ ያለው ሥራ በትልቅ ተቋም ቢሠራ ችግር እንደሌለው አየች። ወደ እኛ ስናመጣው፣ የአሻራ ምርመራው ትልቅ ከተማ ይሁን፤ የበግ አቤቱታው ግን ቀበሌ ይሁን ማለት ነው።

«እንግዲያው ሁሉን ለሽማግሌ እንተውዋ!» የሚል ካለ ግን አልስማማም። የጥንቱን አናሽሞንሙነው። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለውን ሥርዓት እናስታውስ። ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ሰው በሙሉ ተሰብስቦ፣ ሰራቂው እስኪወጣ እንዳይበተን ይደረግ ነበር። ሌባው ካልተገኘ አገሩ በጋራ ይከፍላል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን እንዲህ ባለ ስብሰባ ላይ ጣት የሚቀሰርበት ማን ነው? ዘመድ የሌለው፣ መጤው፣ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ ነው። ሌባ ሻይ ደግሞ የባሰ ነበር። መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ ሮጦ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍል ነበር።

የሽምግልናው ወንበርም ቢሆን ከወንዶች እጅ ወጥቶ አያውቅም። የተደፈረች ልጅ ጉዳይ በእርቅ ተድበስብሶ፣ ካሳው ለአባቷ ሲሆን የእሷን ቃል ማን ጠየቀ? ነፍስ የጠፋበት ነገር በእርቅ ሲያልቅ ደም መመለስን ያቆማል፤ ይህ ትልቅ በረከት ነው። በዚያው ልክ ግን ምስክሩ ፍርድ ቤት ቀርቦ «አላየሁም» ይላል፤ ዓቃቤ ሕጉም ባዶ እጁን ይቀራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34(5) ለባህላዊና ለሃይማኖታዊ ዳኝነት በር የከፈተው ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። ወንጀልን አላነሣም። በተግባር ግን ወንጀሉ ሁሉ እዚያው ያልቃል። ሕጉ በአንድ በኩል፣ ኑሮው በሌላ በኩል።

ምን ይሻላል? እኔ የሚታየኝን ላስቀምጥ።

አንደኛ፣ አቤቱታ ቀበሌ ድረስ ይውረድ። የማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ብለን በየቀበሌው ስንመድብ የኖርነው ባለሙያ ስብሰባ ጠሪ ብቻ መሆኑ ይቅር። የስርቆት ቃል ይቀበል፣ በመዝገብ ያስፍር፣ ለአመልካቹም ቅጂ ይስጥ። መዝገቡ ላይ የሰፈረ በግ አንድ ቀን ይጠየቃል፤ ያልሰፈረው ግን እንዳልተሰረቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ፍርድ ቤቱ በገበያ ቀን ወደ ሰዉ ይምጣ። ተዘዋዋሪ ችሎት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እንኳ በአንቀጽ 223 አጥቢያ ዳኛ ስድብን፣ ቀላል ድብደባንና ከአምስት ብር የማይበልጥ ስርቆትን እንዲያስታርቅ፣ ካልሆነም እስከ አሥራ አምስት ብር መቀጮ እንዲወስን ፈቅዶ ነበር። ብሩ ዋጋ አጣ እንጂ ሐሳቡ አላረጀም።

ሦስተኛ፣ ለሽማግሌው ወሰኑ በግልጽ ይነገረው። የበግ ስርቆት፣ የድንበር ግፊያ፣ ስድብ በእጁ ይለቅ፤ የተስማሙበትም ተመዝግቦ ፍርድ ቤት ያስፈጽምለት። ነፍስ መጥፋት፣ መድፈርና ጠለፋ ግን እርቅ ቢወርድባቸውም ክሳቸው አይዘጋም። እርቁ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና ጉዳትን መካስን የቅጣት ማቅለያ ያደርጋቸዋል። ቦታው እዚያ ነው። በወንበሩም ላይ ሴቶች ይቀመጡበት።

አራተኛ፣ 48 ሰዓት 48 ሰዓት ይሁን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በዚህ ጊዜ ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ሲል የመንገዱን ጊዜ እንኳ ለብቻው አስቦለታል። የሕጉ ጸሐፊዎች ገደሉንና ዳገቱን ያውቁታል ማለት ነው። መንግሥት ራሱ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ካልቆመ፣ ያ ጎረምሳ ለምን ብሎ ይቆማል?

«ጠመንጃ እየተተኮሰ ስለ መዝገብና ችሎት ታወራለህ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፤ ሰላም ከሌለ አንዱም አይሠራም። ነገር ግን ሰላም ሲወርድ ፖሊሱ እንደ ቀድሞው ሩቅና ውድ ሆኖ ከተመለሰ፣ ሽማግሌውም ጉልበት እንዳነሰው ከቀረ፣ ለጠመንጃው ሕግ ወንበሩን ባዶ አድርገን እናቆይለታለን። ጓሳ የተረፈው ሕዝቡ ደንቡን የራሴ ነው ስላለው ነው። ፖሊስም ከዚህ የተለየ ሕይወት የለውም።

አጎቴ ዓይናቸው ተሽሏቸው አገራቸው ገብተዋል። ሰሞኑን መስመሩ ሲገኝ ደወልኩላቸው። ስለ በጎቹ ጠየቅኳቸው። «ተዋቸው፣ እነሱስ ተበሉ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው «ልጁ ግን በየቀኑ በደጄ ያልፋል። ሰላምታም ይሰጠኛል» አሉ።

ከበጎቹ ይልቅ ይህ ነው ያሳመመኝ። ሌባውና የተሰረቀው በየቀኑ ሰላም ይባባላሉ፤ በመሀላቸው የሚቆም ሕግ ግን የለም።