ለጓሮ ሥራ የተሰፋ ሽርጥ

መካኒኩ ቱታ አለው። ሥጋ ቆራጩ ነጭ ጋዋኑን ሳይደርብ ቢላ አያነሳም። አስተናጋጇ ሽርጧን ታጥቃ ነው «ምን ልታዘዝ?» የምትለው። ወላይታ ሶዶ ውስጥ ከመናኸሪያው ተነስታችሁ ወደ ገበያው ብትወርዱ ሥራ ሁሉ የሥራ ልብስ እንዳለው ታያላችሁ። ጓሮ ገብታ የምትኮተኩተው ሴት ብቻ ከሌላ ቦታ የተባረረ ልብስ ትለብሳለች፤ ለቤተ ክርስቲያን ያረጀ፣ ለገበያ የሚያሳፍር፣ ብብቱ የተተረተረ ቀሚስ። «ለጓሮ ይሆናል» ይባልና ይቀመጥላታል። ይህን «ለጓሮ ይሆናል» የሚሉትን ነገር ከጠላሁት ቆይቻለሁ። ጓሮም እንደማንኛውም ሥራ ልክ ተወስዶ፣ ታስቦበት የሚሰፋ ልብስ ይገባዋል ባይ ነኝ። እሱም ሽርጥ ነው፤ እቤት በመርፌና በክር የሚወጣ ሽርጥ።

በወላይታ ጓሮ ሲባል ደግሞ ለጌጥ የተተከለች አበባ አይደለም የሚታሰበው። ቤቱን ተጠግቶ ያለው፣ ዳርኩዋ የሚባለው መሬት ፍጉም አመዱም የሚደፋበት፣ እንሰቱ፣ ቡናው፣ ቦይናው (ጎደሬው)፣ ጎመኑና ቃሪያው ተጠጋግቶ የሚበቅልበት ነው። በአንዳንዱ ወረዳ በካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ ይኖራል፤ ግማሽ ሄክታር የማይሞላ መሬት ይዞ ልጆች የሚያሳድገው ቤተሰብ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ አገር ከደጅ እስከ አጥር ያለችው ቁራጭ መሬት ቀልድ አታውቅም። በቅርብ ዓመታት «30-40-30» በሚባለው መርሐ ግብር እያንዳንዱ ቤተሰብ በሦስት ዓመት ውስጥ መቶ የፍራፍሬ ችግኝ እንዲተክል ሲቀሰቀስ ችግኙ የገባው እዚችው ጓሮ ውስጥ ነው። አቮካዶው ይመጣል፣ ማንጎው ይመጣል፤ ውኃ የሚያጠጣው ሰው አዲስ አይመጣም። ያችው ናት። እንሰቱን መትከልና ማዘዋወር በአብዛኛው የወንድ ሥራ ቢሆንም ፍጉን ተሸክማ የምታወጣው፣ የምታርመው፣ ሲደርስም ተቀምጣ የምትፍቀው ሴቷ ናት።

ጎረቤቴ እማማ፣ ስማቸውን ብጠቅስ ስለሚቆጡኝ እማማ ብቻ ልበላቸው፣ አንድ ቀን ቦይና እየቆፈሩ ሳለ የመጣ ባለሙያ ከአጥር ማዶ «አባወራው አሉ?» ሲል ጠየቃቸው። እማማ ጭቃ የነካ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ክንዳቸውን ለሰላምታ ሰጡት። «አሉ፤ ከተማ ሄደዋል። ስለ ጓሮው ከሆነ ግን እሳቸው የት እንዳለም አያውቁት፤ እኔን ጠይቀኝ» አሉት። ልጁ ሳቀ፣ መዝገቡ ላይ ግን የጻፈው የአባወራውን ስም ነው። የምለብሰው ልብስ ማንነቴን ይለውጠዋል የሚል የዋህነት የለኝም። ሆኖም እማማ ያን ቀን የለበሱት የልጃቸው የድሮ የትምህርት ቤት ሹራብና በገመድ የታሰረ ማዳበሪያ ነበር፤ እንዲህ ለብሶ የቆመን ሰው ባለሙያ ነው ብሎ የሚገምት የለም።

ማዳበሪያ መታጠቅ በእኛ አካባቢ የቆየ ብልሃት ነው። ሁላችን ዋዱ የምንለው የወላይታ የግብርና ልማት ፕሮጀክት በ1970 እ.ኤ.አ. በዓለም ባንክ ድጋፍ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ፋብሪካ ሠራሽ ማዳበሪያ ወደ ገበሬው ቤት ዘልቋል። ይዘቱ ወደ በቆሎ ማሳ ሄደ፣ ከረጢቱ ለእናቶች ቀረ። ከረጢቱ ውኃ አያስገባም፣ በነጻ ይገኛል፣ ይህንን አልክድም። ግን ተሸምኖ የተሠራ ላስቲክ ስለሆነ አየር አይወጣበትም፤ ፀሐይ ስትወጣ ጭን ያልባል። የተቆረጠው ጠርዙ ክር እየተፈታ ይተለተላል፤ በሻማ እሳት ካላቀለጡት በስተቀር አንድ ወር አይቆይም። ኪስ ሰፍታችሁ መቀስ ብትከቱበት ደግሞ መርፌው የበሳውን መስመር ተከትሎ ይቀደዳል።

ታዲያ ለምን መሸፈን አስፈለገ ለሚል ሰው ሦስት ነገር እነግረዋለሁ። አንደኛ የሶዶ ቀይ አፈር በክረምት ልብስ ላይ ከደረቀ ነጭ ነገር ዳግመኛ ነጭ አይሆንም። ሁለተኛ የእንሰት ጭማቂ፤ ሲፈናጠቅ ንጹህ ውኃ ይመስላል፣ ሲውል ሲያድር ቡናማ ሆኖ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ሳሙናም በረኪናም አያስለቅቀውም። የሙዝም እንዲሁ ነው። ሦስተኛው ቦይና ነው። ጥሬው ቦይና ውስጥ የመርፌ ቅርጽ ያላቸው፣ በዓይን የማይታዩ የኦክሳሌት ክሪስታሎች አሉ። ሲበስል ጉዳቱ ይጠፋል፤ ሲቆፈርና ሲላጥ ግን ክንድም ጭንም ያሳክካል። ተቀምጣ ቦይና የላጠች ሴት ቀሚሷን ሳትቀይር ሕፃን ብታቅፍ ማሳከኩ ለልጁም ይተርፋል።

እንግዲህ ጨርቁ ጂንስ ይሁን። ከልባሽ ተራ በርካሽ ይገኛል፣ ካልሆነም ከቤት ወንድ የተጣለ አይጠፋም። ጂንስ የሚያልቀው ጉልበቱና መቀመጫው ላይ ነው፤ የእግሩ ጀርባ ግን ባለቤቱ ሱሪውን ሲጥለው ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ይቻላል። የሚለጠጠውን ዓይነት አትውሰዱ፤ ኪሱ አንድ ዝናብ ሲያገኘው ይንዘላዘላል። ደረቁን፣ ወፍራሙን፣ ሲታጠብ ብቻውን የሚቆመውን ፈልጉ።

ሁለቱን እግሮች ከብሽሽቱ በታች ትቆርጣላችሁ። በውጭ ጎን ያለው ስፌት ብዙውን ጊዜ ነጠላ ስለሆነ እሱን ተርትሩና እግሩን ዘርጉት፤ በውስጥ በኩል ያለው ድርብ ስፌት መሐል ላይ እንዳለ ይቅር፣ ጥንካሬ ይሆናል። ከዚያ አንዱን እግር ገልብጡትና ጎን ለጎን አስተኟቸው፤ የአንዱ ጠባብ ጫፍ ከሌላው ሰፊ ጫፍ ጋር ስለሚጋጠም ሁለቱ አንድ ላይ ላዩና ታቹ እኩል የሆነ አራት ማዕዘን ይወጣቸዋል። ለመለኪያ ይህንኑ ጋዜጣ ተጠቀሙበት፤ አንብባችሁ ስትጨርሱ ገጹን ዘርግታችሁ ወገባችሁ ላይ አስጠጉት፣ ከዳሌ እስከ ዳሌ ከደረሰ፣ ቁመቱም ከጉልበት አራት ጣት ካለፈ በቂ ነው። (ዓምዴን ከቀደዳችሁት አልቀየምም።)

ሁለቱን ቁራጭ እስከ ታች አታጋጥሟቸው። ከወገብ ጀምራችሁ አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ከሰፋችሁ በኋላ የቀረውን ክፍት ተዉት። የሱቅ ሽርጥ ይህ የለውም፤ የተሰፋው ቆሞ ለሚሠራ ሰው ነዋ። ጓሮ ውስጥ ግን ሥራው ቁጢጥ ብሎ ነው፤ ሽርጡ መሐሉ ካልተከፈለ ቁጢጥ ሲሉ ወይ ወደ ላይ ይሰበሰባል ወይ ጭቃ ላይ ይጎተታል። ሲከፈል ግን ግራና ቀኙ እያንዳንዱን ጭን ለብቻው ይሸፍናል።

የስፌት መኪና ያለው ሰው ቁጥር 16 መርፌ ያስገባ፤ ለሸሚዝ የሚሆነው ቀጭን መርፌ ጂንስ ላይ ይሰበራል። በእጅ የሚሰፋ ክሩን ድርብ አድርጎ ሰም ያስነካው፣ ሲሰፋም በእያንዳንዱ ስፌት ግማሽ ያህል ወደ ኋላ እየተመለሰ ይውጋ። አራት ድርብ የሆነ ቦታ ላይ መርፌው አልገባ ካለ ስፌቱን ድንጋይ ላይ አድርጋችሁ በዘነዘና ሁለት ሦስት ጊዜ ምቱት፤ ይለዝባል። ወገቡን በተመለከተ አዲስ መሥራት ከንቱ ድካም ነው። የሱሪውን ወገብ ከነቀበቶ ማስገቢያው ቆርጣችሁ አንሱትና ሽርጡ ጫፍ ላይ ስፉት። ቀበቶ ማስገቢያዎቹ የችግኝ ማሰሪያ ቃጫ ለማንጠልጠል የተፈጠሩ ያህል ያገለግላሉ።

ኪሱ ላይ ስንደርስ ነገሩን ከእኔ ወደምትበልጥ ሰው ልውሰደው። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከወላይታ የሄዱ ወጣት ሴቶች ብዙ ናቸው። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አጎዋ ከሚባለው ከቀረጥ ነጻ የንግድ ዕድል ካስወጣች በኋላ ሥራ ሲቀዛቀዝ ከተመለሱት አንዷ በእኛ ሰፈር ትኖራለች። ሙሉ ልብስ ሰፍታ አታውቅም። እዚያ መሥመር ላይ የተሰጣት ሥራ ኪስ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ኪስ፣ ወሩን ሙሉ ኪስ፣ የሸሚዙን ቀሪ አካል ሌሎች ሲሰፉት ከሩቅ እያየች። ሽርጡን ሳሳያት ወገቡን አላየችውም፣ ቁመቱን አልጠየቀችም። ቁራጭ ሳሙና አነሳች፤ ሜትር ሳትዘረጋ ሁለት ማዕዘን ምልክት አደረገች፣ ጠርዙን በጥፍሯ አጠፈች፣ አንዱን ጥግ በአውራ ጣቷ ይዛ መርፌውን ስትሰደው ኪሱ ከመስመሩ አልተዛነፈም። «አፉን መጀመሪያ ጨርሺው፣ ጎኑን ከዚያ» አለችኝ፤ «ጥግ ጥጉን ሦስት ማዕዘን አድርገሽ ደጋግመሽ ካልወጋሽው መቀሱ ይዞት ይወርዳል።»

ልጅቷ ያለችው ነገር ዓለም የለበሰው ጂንስ የተወለደበት ምክንያት ነው። በአሜሪካ ኔቫዳ፣ ሬኖ በምትባል ከተማ ጃኮብ ዴቪስ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። የአንድ የጉልበት ሠራተኛ ሚስት ለባሏ የማይቀደድ ሱሪ እንዲሰፋላት ጠየቀችው፤ እሱም ለፈረስ ዕቃ የሚጠቀምበትን የመዳብ ምስማር ኪሱ ጥግ ላይ መታበት። ከጨርቅ ነጋዴው ከሊቫይ ስትራውስ ጋር ሆኖ ግንቦት 20 ቀን 1873 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ወሰደበት። የሁሉም ጅማሮ ከኪስ ጥግ ነው። ጠያቂዋም ሴት ነበረች፤ ለራሷ ግን አልጠየቀችም።

የእኛ ሴት ለራሷ ትጠይቅ ከተባለ ኪስ ትጠይቅ። ቀሚሷ ኪስ የለውም፤ ብሯን መቀነቷ ጫፍ ትቋጥራለች፣ ቃሪያና ጎመኑን ደግሞ የቀሚሷን ጫፍ በአንድ እጇ ሰብስባ ይዛ ትሸከመዋለች፤ ስለዚህ ሥራ የሚቀራት አንድ እጅ ነው። ሽርጡን ስትሰፉ የየክፋዩን የታችኛውን ጠርዝ ወደ ላይ አጥፋችሁ ጎን ለጎኑን ብትሰፉት ትልቅ መሰብሰቢያ ይሆናል። ከላይ ያለው ትንሹ ኪስ ለዘር ይሁን፤ ሲጎነበሱ ዘሩ እንዳይፈስ ክዳን ያስፈልገዋል። የሌሎቹን ኪሶች የታች ጥግ አንድ ጣት ያህል ሳትሰፉ ተዉት፤ አፈሩ በዚያ ይራገፋል። ማጭድና ቢላ ኪስ ውስጥ አይገቡም፤ ይህን በቁጣ ነው የምጽፈው።

ደረቱን የሚሸፍን፣ አንገት ላይ የሚጠለቅ ሽርጥ በሥዕል ሲታይ ያምራል። ኪሱ ሲሞላ ግን ሸክሙ ሁሉ ማጅራት ላይ ነው። ይህን ለማስቀረት በውጭ አገር ማንገቻውን ጀርባ ላይ አሻግረው ያስሩታል፤ ክብደቱ ወደ ትከሻ ስለሚሄድ ጥሩ መላ ነው። እኛ ዘንድ ግን ጀርባ ባዶ አይደለም፤ ልጅ አለበት። ሕፃን ያዘለች እናት ማንገቻው ከማዘያው ጋር ይተሻሽባታል፣ ቋጠሮው የልጁ ሆድ ላይ ያርፋል። ከወገብ በታች የሆነው ይበልጣል፤ ቋጠሮውም ወደ ጎን ይሁን።

ዱንጉዛ ጨምሩበት የሚሉ አሉ። ባለ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫው ዱንጉዛ ከጊፋታ በዓል ልብስ አልፎ ክራባት ሆኗል፣ ኮፍያ ሆኗል፣ ቦርሳ ሆኗል፤ ሽርጥ ሆኖ ለቱሪስት ሲሸጥ የምናይበትም ቀን ሩቅ አይመስለኝም። በእጅ የተሸመነን ነገር ፍግ ላይ መጎተት አንጀቴ አይችልም። ከቀረች ቁራጭ ኪሱ አፍ ላይ አንድ ጣት ያህል ብትታከል ግን አልቃወምም፤ ጂንሱንም ከሐዘን ታወጣዋለች።

አንድ ነገር ለሙያ ማሠልጠኛዎቻችን ማለት እፈልጋለሁ። ልብስ ስፌት የሚማሩ ልጆች ለፈተና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይሰፋሉ፤ ሸሚዙን በገበያ ከሚመጣው ርካሽ ሸሚዝ ጋር አወዳድሮ የሚገዛ ሰው አያገኙም። የጓሮ ሽርጥ ግን ገበያ ላይ የለም። ችግኝ በመቶ የሚያከፋፍል ቢሮ ከችግኙ ጋር ሽርጥ ቢያዝ፣ ከሐዋሳ የተመለሰችው ልጅም ኪስ ብቻ እየሰፋች ደመወዝ ታገኛለች። በጀቱ ከየት ይምጣ የሚል አይጠፋም። ለአንድ ቀን ስብሰባ ከሚታተመው ባለ ጽሑፍ ቲሸርትና ኮፍያ ይምጣ።

እማማ ሽርጣቸውን ከወሰዱ ወዲህ አንድ ቅሬታ አላቸው፤ ስልክ ማስቀመጫ የለውም። የዘሩ ኪስ ውስጥ ቢከቱት ቁጢጥ ሲሉ ይወድቃል፣ በታችኛው ውስጥ ከጎመን ጋር ይታጠባል። ልጅቷ አሁን ቀበቶው አጠገብ፣ በቀኝ በኩል፣ ቁልፍ ያለው ጠባብ ኪስ እየሞከረች ነው። የአባወራውም ትዕዛዝ መጥቷል፤ ሚስማር የሚይዝ ይሁን ብለዋል።