ከሁለቱ ቀይ የትኛው?

«ቀይ ያው ቀይ ነው» የሚል ሰው ቀለም ሊገዛ ገብቶ አያውቅም። ሰርጓ አንድ ወር የቀራት አንዲት አንባቢ ሰሞኑን አማክራኛለች። ከእጮኛዋ ጋር የሳሎናቸውን አንዱን ግድግዳ ቀይ ለማስቀባት ተስማምተዋል። ጣጣው የመጣው ከሁለት መንታ መሳይ ቀዮች አንዱን ሲመርጡ ነው። እሷ ወደ ብርቱካን የሚያደላውን ትላለች፤ እሱ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላውን። «በቀለም እንዲህ ከሆንን በትዳርማ...» እስከ መባባል ደርሰዋል።

እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ «ናሙናዎቹን መቼ ነው ያያችኋቸው?» እሷ ቀን፣ በመስኮት ብርሃን። እሱ ማታ ከሥራ ሲመለስ፣ በአምፖል። ታዲያ ሁለቱም ያዩትን ነው የተናገሩት!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለም የሚታየን ያረፈበትን ብርሃን መልሶ ነው። ካርቶኑ ላይ 2700 ኬልቪን የሚል አምፖል ብርሃኑ ቢጫ ስለሚያደላ ቀይን ወደ ብርቱካን ይስበዋል። 6500 የሚለው ነጩ ደግሞ ያቀዘቅዘዋል። አመሻሽ ላይ፣ መብራት ሳይበራ፣ ቀድሞ የሚጠቁረው ቀይ ነው፤ የቼኩ ሊቅ ፑርኪንዬ ይህን ያስተዋለው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት አምፖሉን ምረጡ።

ከዚያ ሁለት ሰፋፊ ካርቶን ሁለት ሁለት እጅ ቀብታችሁ አድርቁ። እዚያው ግድግዳ ላይ ጠዋትም፣ ከሰዓትም፣ ማታም እዩዋቸው፤ ይበልጡን ግን ሁለታችሁም ቤት በምትሆኑበት ሰዓት። መጀመሪያ ጎን ለጎን፣ ቀጥሎ አንዱን ደብቃችሁ ሌላውን ለብቻው። ግድግዳው ላይ አብራችሁ የምትኖሩት ከአንዱ ጋር ነዋ! ለብቻው ሲሆን የቱ እንደሆነ መለየት ካቃታችሁ ልዩነቱ ጠብ አይገባውም፤ ለወደደው ልቀቁለት። ከለያችሁት ደግሞ ማታ ያማረው ይመረጥ፤ ሳሎን የማታ ቤት ነው።

የኪስ ነገርም አለ። ብዙ ቀዮች ከሥር ያለውን ግድግዳ ቶሎ አይሸፍኑም። የመጀመሪያውን እጅ ግራጫ አስቀቡ፤ ቀዩን ይቆጥብላችኋል። ጋሎኖቹን በአንድ ቀን ግዙ፣ በአንድ ባልዲ አቀላቅሉ፤ ስሙ አንድ ሆኖ ከጋሎን ጋሎን የሚለይ ቀለም አለና። «እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር» ይባል የለ? ቀለምም እንደ ቤታችሁ ብርሃን ነው እንጂ እንደ ሱቁ አይደለም።