«1000 ሊትር» የሚለው ታንከር

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፦

ለግራናው ቤታችን «1000 ሊትር» የተጻፈበት የፕላስቲክ ታንከር ገዛሁ። በየጀሪካኑ ልክ 20 ኪሎ ውሃ፣ ማለትም 20 ሊትር፣ በእህል ሚዛን እየመዘንን ሞላነው። 50 ጀሪካን መያዝ ነበረበት፤ 44ኛው ላይ ሞልቶ ፈሰሰ! ቧንቧው ደግሞ ከወለሉ ከፍ ብሎ ስለገባ ሁለት ጀሪካን ያህል ከሥር ይቀራል። የሚቀዳው ከ840 ሊትር አይበልጥም።

«ምን አላት?» እንዳትሉኝ። የጎደለው 8 ጀሪካን ነው፤ ውሃ ሲጠፋ እናቶች በጀርባቸው የሚያመጡት።

እኔ የምለው፦ ታንከር ላይ መጻፍ ያለበት የሚቀዳው መጠን ነው። ጤፍ ስንገዛ ሚዛን እናያለን፣ ታንከር ስንገዛስ? ያስተማርኳችሁ ሒሳብ ለፈተና ብቻ አልነበረም። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።