እጁ የታለ?

«ይህማ የማሽን ሥራ ነው፤ ሥዕል አይባልም» የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። ጌኦርግ ኔስ የተባለው ጀርመናዊ የሒሳብ ሰው በ1965 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው) ፕሎተር የሣላቸውን ሥዕሎች በሽቱትጋርት ሲያሳይም ነበሩ። የመጡት ሠዓሊዎች ተቆጡ። አንዱማ ማሽኑ የእርሱን አሣሣል ሊሥል ይችል እንደ ሆነ ቢጠይቀው፣ ኔስ እንዴት እንደምትሥል ከነገርከኝ ይችላል ማለቱ ይወራል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ሰውየውን ያስቆጣው የማሽኑ መሣል አይመስለኝም፤ የገዛ አሣሣሉን ተናገር መባሉ ነው እንጂ።

ለመሆኑ ፕሎተር ምንድን ነው? ብዕር ይዞ በወረቀት ላይ ወደ ታዘዘበት የሚነዳ መሣሪያ ነው። ከራሱ አንዲት መስመር አያመነጭም። የኔስን «ጠጠር» ተመልከቱ። በአግድም 12፣ በቁመት 22 ሆነው የተደረደሩ ካሬዎች ናቸው። ከላይ እንደ ወታደር ሰልፍ ቀጥ ብለው ይጀምሩና፣ ቁልቁል በወረዱ ቁጥር እየተንጋደዱ፣ ከቦታቸው እየሸሹ፣ ከታች ከጋሪ እንደ ተደፋ ጠጠር ይሆናሉ። የእያንዳንዱ ካሬ መንጋደድ በዕጣ ነው፤ ዕጣው በየረድፉ ምን ያህል እንዲፈነጭ የፈቀደው ግን ኔስ ነው። «እጁ የታለ?» ለሚሉኝ፣ እዚያው ፈቃድ ውስጥ ነው እላለሁ።

በሌላ በኩል፣ የማሽኑ አፍቃሪዎችም ያበዙታል። አሜሪካዊው ማይክል ኖል በኮምፒዩተር ያሠራውን ሥዕል ከሞንድሪያን የ1917 ሥራ ጋር ለ100 ሰዎች አሳይቶ ነበር። 59ኙ የኮምፒዩተሩን መረጡ፤ የማሽኑ የትኛው እንደ ሆነ በትክክል የለዩት 28 ብቻ ናቸው። ማሽኑ ረታ ተባለ! ሰዎቹ ያዩት ግን ኮፒ ነው፤ ኖልም ቢሆን የመስመሮቹን አደራደር የተማረው ከዚያው ከሞንድሪያን ነው። ተማሪ በእጅ ብልጫ መምህሩን ረታ ይባላል?

ይባስ ብሎ ዛሬ በአንድ ዐረፍተ ነገር ትእዛዝ ሥዕል የሚያስፈለፍሉ ሰዎች እነ ኔስን «አያቶቻችን» ማለት ጀምረዋል። ይህን ዝምድና አልቀበልም። በ2023 በ99 ዓመቷ ያረፈችው ሀንጋሪ ተወላጇ ቬራ ሞልናር በ1968 ኮምፒዩተር ከማግኘቷ በፊት፣ ከ1959 ጀምሮ ፓሪስ ተቀምጣ «ምናባዊ ማሽን» ባለችው መንገድ ትሠራ ነበር። ደንቡን ራሷ ታወጣለች፤ ደረጃ በደረጃም በገዛ እጇ ትፈጽመዋለች። ማሽኑ በኋላ የመጣው ቀድሞ ለተጻፈ ደንብ ነው። የልጅ ልጅ ነኝ ባይ የራሱን ደንብ ያምጣና እንየው።